ድሬ ላይ ልጅ ለምትጠብቁ፦ ስጦታው ከመምጣቱ በፊት የሕፃኑን ዝርዝር እንዲህ አውጡ

ድሬዳዋ ላይ አራስ ለመጠየቅ ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። ጎረቤቱ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ሐረር ያሉት አክስቶች፣ ውጭ ያለው ወንድም፣ ሁሉም አንድ ነገር ይይዛል። ችግሩ ሳይነጋገሩ መያዛቸው ነው። ወፍራም የሕፃን ብርድ ልብስ ቁም ሳጥኑ ላይ ይቆለላል፣ አጎበር ግን የለም። ከሦስት ወር በኋላ የማይገቡ የሚያማምሩ ቀሚሶች ይሞላሉ፣ እናትየው ግን ሌሊት የምትቀይረው የሽንት ጨርቅ ያጥራታል። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ከልቡ ሰጥቶ፣ ቤቱ የጎደለው እንደጎደለ ይቀራል። ያሳዝናል።

ውጭ አገር ለዚህ መላ አላቸው፤ ቤቢ ሬጅስትሪ ይሉታል። ወላጆቹ የሚያስፈልጋቸውን መርጠው ያስመዘግባሉ፣ ስጦታ ሰጪው ከዝርዝሩ አንዱን ይገዛል፣ የተገዛው ይሰረዛል፣ ሌላ ሰው አይደግመውም። እኛ ይሄን ለማድረግ ትልቅ ሱቅ አያስፈልገንም። አንድ ደብተር፣ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ እና ሰው ለማናገር የማታፍር አንድ እህት ካለች በቂ ነው።

ግን አደራ፣ ዝርዝሩን ከኢንተርኔት እንዳትገለብጡት። እነዚያ ዝርዝሮች የተጻፉት ለብርድ አገር፣ ቧንቧው ሌት ተቀን ለሚፈስበት ቤትና መኪና ላለው ሰው ነው። የእናንተ ዝርዝር መነሳት ያለበት ከድሬ ሙቀት፣ ከድሬ ውሃ፣ ከድሬ ትንኝ እና ከድሬ ሰው ነው።

መቼ ይጀመር?

ስድስተኛው ወር ሲያልቅ ጀምሩ። ከዚያ በፊት ይቸኩላል፤ ስምንተኛው ወር ላይ ደግሞ ሆዱም ሙቀቱም አብረው ከብደው ታይዋን ገበያን በእግር መዞር የሚታሰብ አይደለም።

እዚህ ላይ ትልልቅ ሰዎች አንድ ነገር ይላሉ። «ልጄ፣ ሳይወለድ እቃ አይሰበሰብም።» ይሄን አትናቁት። ብዙ ልጅ ሲሞት ያየ ትውልድ ያመጣው ጥንቃቄ ነው፣ ስለሚወዳችሁም ነው የሚላችሁ። መልሱ ቀላል ነው፦ «እማማ፣ እቃ አልሰበሰብንም፤ ምን እንደሚያስፈልግ ነው የጻፍነው።» ደግሞም እውነት ነው። ዝርዝሩ ቀድሞ ይወጣል፣ የመጀመሪያው ሳምንት እቃ ብቻ ቀድሞ ይገዛል፣ ሌላው ከተወለደ በኋላ ይመጣል። «እኔ አመጣዋለሁ» ተብሎ የተያዘ እቃ ሰጪው ቤት ቢቆይ ማንንም አይጎዳም፣ የእናንተም ቤት አይጨናነቅም።

ደብተሩ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ወሩ ነው

ከእቃ በፊት ሕፃኑ የሚወለድበትን ወር ጻፉ። ድሬ ላይ ይሄ ግማሹን ዝርዝር ይወስነዋል። ግንቦትና ሰኔ የሚወለድ ልጅ የሚመጣው ቀኑ 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሚደርስበት ሰሞን ነው፤ ስስ ካናቴራና የሽንት ጨርቅ ካለው ቀኑን ሙሉ አለበሰ ማለት ነው። ታኅሣሥና ጥር የሚወለደው ግን ሌሊት እጅጌ ያለው ቱታና አንድ መካከለኛ ብርድ ልብስ ይፈልጋል። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ለሚወለድ ደግሞ ትንኝ ዋና ጉዳይ ነው።

ሐረር ያሉ ዘመዶች ይሄን እንዲያውቁት ንገሯቸው። በደንገጎ መንገድ ከሐምሳ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ግን ከፍታቸው ይለያል፦ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ብርድ ነው፣ እዚህ እሳት ነው። አክስት እዚያ ሆና «ሕፃኑ እንዳይበርደው» ብላ የምትገዛው ብርድ ልብስ እዚህ ሕፃኑን በላብ ያጠምቀዋል። ሐረር የምትኖሩ ካላችሁ ግን ከዚህ በታች ስለ ልብስ የምለውን ተቃራኒ አድርጉ፤ ወፍራሙ ለእናንተ ነው።

ያላችሁን ቁጠሩ፣ የሚዋስ ያለውን ጠይቁ

ከመጻፋችሁ በፊት ባለፈው አንድ ሁለት ዓመት የወለዱ ጓደኞቻችሁን ጥሩ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ምንድነው በየቀኑ የተጠቀምሽበት? ምንድነው ከካርቶኑ ሳይወጣ የቀረው? መልሳቸው ከየትኛውም ዝርዝር ይበልጣል። እግረ መንገዳችሁንም የምትዋሱት ይገኛል። የሕፃን አልጋ፣ ሳፋ፣ የጃንጥላ አጎበር፣ ለሦስት ወር ብቻ የሚለበስ ልብስ፣ እነዚህ ሁሉ ይዋሳሉ። የተዋሳችሁትን ደብተሩ ላይ ከባለቤቱ ስም ጋር ጻፉት። ሲመለስ ጠብ እንዳይሆን።

አሁን ዝርዝሩ፦ ልብስ

አዲስ የተወለደ ልጅ የሚያስፈልገው ልብስ ከምታስቡት ያነሰ ነው። ስድስት ያህል እጅጌ የሌለው የጥጥ ካናቴራ፣ አራት አጭር ሱሪ፣ ሦስት እጅጌ ያለው ቱታ፣ ሁለት ቆብ፣ ሦስት አራት ካልሲ። ለመጠቅለያ አራት ሰፋ ያለ ስስ ጨርቅ፣ ሻሽ ቢሆን ይመረጣል። ያረጀ ንጹሕ ነጠላ ካላችሁ ከምንም አዲስ ጨርቅ ይሻላል፣ ለስልሶላችሁ ተቀምጧል።

ናይለንና ፖሊስተር የበዛበትን ተዉት። ያብረቀርቃል፣ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ላብ ግን አይመጥም፣ አንገቱና ብብቱ ላይ ሽፍታ ያወጣል። ሙቀት እንደበዛበት ማወቅ ከፈለጋችሁ እጁንና እግሩን አትንኩ፣ እነሱ ሁሌም ቀዝቀዝ ይላሉ። ማጅራቱን ዳስሱ። ላብ ካለው አንድ ልብስ አውልቁለት።

አንድ ነገር ልለይ፦ በተወለደበት ሰዓትና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕፃን ሙቀቱን መጠበቅ አይችልም፣ ድሬም ቢሆን። ቆቡ ለዚያ ነው። ደረቱን በእናቱ ደረት ላይ አድርጎ መያዝ ከየትኛውም ብርድ ልብስ ይበልጣል። የመጀመሪያው እጥበትም ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይዘግይ። ከዚያ በኋላ ግን አራስ ቤቱን ዘግቶ፣ መጋረጃ ጥሎ፣ እናትና ልጅን በጋቢ ላይ ጋቢ መደራረብ ለዚህ ከተማ አይሆንም። መስኮት ክፈቱ። ቬንቲሌተሩ ቀጥታ ሕፃኑ ላይ ሳይሆን ወደ ግድግዳ ይንፈስ። መብራት ስለሚጠፋ ቻርጅ የሚደረግ ቬንቲሌተር ዝርዝሩ ላይ ይግባ። ሁለት ሦስት ጓደኛ ተሰብስቦ የሚገዛው ጥሩ ስጦታ ነው።

የሽንት ጨርቅ ወይስ ዳይፐር?

ይሄ የድሬ እናት ዋና ክርክር ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። አዲስ የተወለደ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይቀየራል። ዳይፐር ብቻ ልጠቀም ካላችሁ በወር ወደ 300 ይጠጋል ማለት ነው፤ ለደሞዝተኛ ቀላል አይደለም። ጨርቅ ብቻ ካላችሁ ደግሞ ውሃ ይጠይቃል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በጀሪካን የተጠራቀመ ውሃ ላይ የየቀኑን የሽንት ጨርቅ ማጠብ ጉልበት ይጨርሳል። ውሃችን ደግሞ ከባድ ነው፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋግረው ጨርቁንም ያደርቀዋል፣ ሳሙናውም ቶሎ አይለቅም። በደንብ ሳይለቀለቅ የደረቀ ጨርቅ የሕፃን ቆዳ ያሻክራል።

እኔ የምመክረው መሐሉን ነው። ቀን ቀን፣ ቤት ውስጥ፣ ጨርቅ። ሌሊት፣ ጉዞ ላይ እና ውሃ በጠፋበት ቀን ዳይፐር። ቀን ላይ ጨርቅ ሲሆን ቆዳው አየር ያገኛል፣ እርጥብ መሆኑም ወዲያው ይታወቃል። ሃያ ያህል ጨርቅ ከአቡጀዲ ወይም ከሻሽ ቀፊራ ገበያ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ጋ ማስቆረጥና ጠርዙን ማስመታት ይቻላል። ድሬ ለዚህ አንድ በረከት አላት፦ ፀሐዩ። ታጥቦ ገመድ ላይ የወጣ የሽንት ጨርቅ ወዲያው ይደርቃል፣ ፀሐዩም ያጸዳዋል።

ስጦታ ለሚያመጡት ግን ስለ ዳይፐር መጠን በግልጽ ጻፉ። ሁሉም ሰው ትንሿን ቁጥር ይገዛል፣ ልጁ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ያልፋታል። ከትንሿ አንድ ሁለት ፓኬት ይበቃል። የቀረውን «ቁጥር 2» እና «ቁጥር 3» ብላችሁ ጻፉ። ፓኬቱ ላይ ያለውን ኪሎ አንብቡ፣ የአንዱ ካምፓኒ ቁጥር ከሌላው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም።

ለቂጡ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት አንድ፣ ተራ ቫዝሊን አንድ። ፓውደር ግን አይግባ። ሙቀት ባለበት ከተማ ሕፃንን በፓውደር ማልበስ የተለመደ ነው፣ ነገር ግን ብናኙ ሲተነፍስ ሳንባው ይገባል። የሚያመጣ ሰው ካለ ተቀብላችሁ አመስግኑ፣ ሕፃኑ ላይ አታድርጉት።

አጎበር ከሁሉም በላይ

አንድ እቃ ብቻ ግዙ ብትሉኝ አጎበር እላችኋለሁ። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. ደንጌ የሚባለውን ትንኝ የሚያስተላልፈው ትኩሳት አይታለች፣ በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉኒያ የሚባለው ሌላው የትንኝ በሽታ ብዙ ቤት ገብቷል፣ በ2014 ደግሞ ወባ ከተማዋ መሐል ተነስቷል። የወባው አንዱ ምክንያት አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለው ከእስያ የመጣ ትንኝ ነው፤ ይሄኛው ረግረግ አይፈልግም፣ ከተማ ውስጥ ሰው ውሃ ባጠራቀመበት በርሜልና ሮቶ ይራባል። የደንጌና የቺኩንጉኒያ ትንኝም ውሃ ማጠራቀሚያ ይወዳል፣ እሱ ደግሞ የሚነክሰው ቀን ነው።

ስለዚህ ሁለት አጎበር ጻፉ። አንዱ ለእናትና ልጅ የሌሊት መኝታ የሚሆን ሰፊ፣ መድኃኒት የተነከረ። አዲስ ከሆነ ከፓኬቱ አውጥታችሁ ጥላ ቦታ አንድ ቀን አናፍሱት። ሁለተኛው ቀን ሲተኛ የሚደፋበት የጃንጥላ አጎበር። በዚሁ መስመር ላይ ሰው ሲያየው የሚገርመው አንድ ነገር ጨምሩ፦ ለእያንዳንዱ በርሜል የሚገጥም ክዳን። «ለሕፃን ስጦታ የበርሜል ክዳን?» ይባላል። አዎ። ከአሻንጉሊት ይልቅ ልጁን የሚጠብቀው እሱ ነው።

መኝታ፣ መታጠቢያ፣ መድኃኒት ሳጥን

የሕፃን አልጋ ግዴታ አይደለም። ከፈለጋችሁ ግን አናጺም ብየዳ ቤትም ይሠራዋል፣ መለኪያውን እናንተ ስጡ፦ በብረቶቹ ወይም በእንጨቶቹ መሐል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፣ ፍራሹም ጠንከር ያለና ጠርዙን የሚነካ ይሁን። ሕፃኑ የሚተኛው በጀርባው ነው። ትራስ፣ አሻንጉሊት፣ ጥጥ የተሞላ መከለያ ምንም አይግባበት። ባዶ ሲሆን የሚያሳዝን ይመስላል፣ ግን ልክ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።

ለመታጠቢያ አንድ ንጹሕ ሳፋ፣ ለሕፃኑ ብቻ። ሁለት ለስላሳ ፎጣ። ሽታ የሌለው ሳሙና። በቃ።

ለመድኃኒት ሳጥኑ ዲጂታል ቴርሞሜትር አይቅር። ርካሽ ነው፣ ግን «ትንሽ ሞቀው እንዴ?» የሚለውን የቤት ጭቅጭቅ ይዘጋል። ከሁለት ወር በታች ያለ ልጅ 37.5 እና ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ወይም ከ35.5 በታች ከወረደ፣ ወይም ጡት አልጠባም ካለ ቤት ውስጥ አይጠበቅም፣ ወዲያው ጤና ተቋም ነው። እትብቱ ላይ ጤና ባለሙያ ካዘዘው ውጭ ምንም አይቀባ። ቅቤም ቢሆን።

የማይጻፉትም ይጻፉ

ደብተሩ ላይ አንድ ገጽ «አመሰግናለሁ፣ ግን አያስፈልገንም» ብላችሁ ክፈቱ።

የዱቄት ወተትና ጡጦ አንደኛ ነው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፣ ውሃ እንኳን አይሰጠውም። «በዚህ ሙቀት?» ትላላችሁ። አዎ፣ በዚህ ሙቀትም። የእናት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው፣ ሲሞቅ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው። በስኳር የተበጠበጠ ውሃ፣ ቅቤ ማላስ፣ ማር፣ ሁሉም ይቅር። በሕክምና ምክንያት ዱቄት ወተት የሚታዘዝለት ልጅ አለ፣ ያንን ሐኪሙ ይነግራችኋል እንጂ በስጦታ አይመጣም።

ወከር ሁለተኛ ነው። ጎማ ያለው፣ ሕፃን ተቀምጦ የሚንሸራተትበት። ውጭ ያሉ ዘመዶች ይወዱታል። ደረጃና ከሰል ምድጃ ባለበት ግቢ አደጋ ነው፣ ልጅንም ቶሎ አያስኬድም። ካናዳ እንደ ፈረንጆቹ ከ2004 ጀምሮ ሽያጩን ጭራሽ ከልክላለች።

የመኪና ወንበር መኪና ላለው ሰው የግድ ነው፣ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ የሚታሰር። በባጃጅ ለምትሄዱ ግን ቦታ መያዣ ብቻ ነው። ያንን ገንዘብ ጥሩ ማዘያ ወይም አንቀልባ ላይ አውሉት። ጫማም አይጻፍ፣ አይሄድበትም።

የእናትየው ገጽ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይረሳል። ዝርዝሩ ሁሉ የልጁ ይሆንና የወለደችው አንድ ገጽ ታጣለች። ለሷ ደግሞ ለብቻው ጻፉ፦ ፊት ለፊት የሚከፈት የሌሊት ልብስ ሁለት፣ የማጥቢያ ጡት መያዣ ሁለት፣ ትልቁ ሞዴስ በርከት ያለ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሰፊ ፔርሙዝ። ወደ ሥራ የምትመለስ ከሆነ የጡት ፓምፕ። የታለበ ወተት ክፍሉ ከ25 ዲግሪ ሳይበልጥ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል ይባላል፤ ድሬ ላይ ቤቱ ከዚያ በላይ ስለሚሞቅ ቀጥታ ፍሪጅ አስገቡት፣ እዚያ እስከ 4 ቀን ይቆያል።

ምግቡን ደግሞ ስም በስም ጻፉት። የገንፎ ዱቄት፣ የአጃ አጥሚት፣ ቅቤ፣ አብሽ፣ ተልባ። ሐረሪ ጎረቤት ካላችሁ ሁልበት መረቅ (የአብሽ መረቅ) እንደምትወዱ አሁኑኑ ንገሯት። ሁሉም ገንፎ ይዞ በአንድ ቀን እንዳይመጣ ማድረግ ግን የሚቀጥለው ነገር ሥራ ነው።

የሰው ጉልበት ከእቃ ይበልጣል

የፈረንጅ ዝርዝር ይሄን አያውቀውም፣ እኛ ግን ያለን ሀብት ይሄ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። አባት ያለው 3 ቀን ነው። በአራተኛው ቀን አባትየው ሥራ ሲገባ ቤት ውስጥ ማን አለ? ውሃ ማን ይቀዳል? ትልቁን ልጅ ከትምህርት ቤት ማን ያመጣል?

ስለዚህ ደብተሩ ላይ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት የሳምንቱን ቀን አስምሩና ጎን ለጎኑ ሥራ ጻፉ። እንዲህ፦

ሰኞ፣ ልብስ ማጠብ።
ማክሰኞ፣ ምሳ ሠርቶ ማምጣት።
ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት እስከ አሥር ሕፃኑን መያዝ፣ እናት እንድትተኛ።
ሐሙስ፣ በርሜል መሙላት።
ዓርብ፣ ገበያ መውጣት።
ቅዳሜና እሑድ ጠያቂ ስለሚበዛ ቡና ማፍላትና እቃ ማጠብ።

ገንዘብ የሌላት ጓደኛ ባዶ እጄን አልሄድም ብላ ቤቷ ትቀራለች። «ረቡዕ ለሁለት ሰዓት ያህል ልጁን ያዢልኝ» ስትባል ግን ደስ ብሏት ትመጣለች። እመኑኝ፣ አራስ ለሆነች ሴት ያቺ የረቡዕ እንቅልፍ ከየትኛውም ቱታ ትበልጣለች። ባልም ይሄን ሰሌዳ ራሱ ይያዘው። ሰው የሚደውለው እሱ ጋ ይሁን፣ እሷ ጋ አይሁን።

ለሰው እንዴት ይነገራል?

የሚከብደው እሱ ነው፣ አውቃለሁ። «ስጦታ ስጡኝ» ማለት ይመስላል። እንዳይመስል የሚያደርገው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ራሳችሁ አትላኩት። እህት፣ የሥራ ባልደረባ፣ የቅርብ ጓደኛ ትላከው። እሷ ናት ደብተሩን የምትይዘው፣ የተያዘውን የምትሰርዘው። ያዥ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ሁለት ሲሆን መደጋገሙ ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ ዋጋው ይደበላለቅ። አንድ ሳሙና፣ ሁለት ሻሽ፣ አንድ ካልሲ ከላይ ይጻፍ። ውዱ ከታች፣ «ለሦስት ለአራት ሰው» ተብሎ። ለውዱ ቴሌብር ማዋጣት ይቻላል፣ ሰብሳቢዋ ደረሰኙን ግሩፑ ላይ ትለጥፍ።

ሦስተኛ፣ ለጠየቀ ብቻ ይላክ። ቤቢ ሻወር የሚደግሱ ካሉ ከጥሪው ጋር መሄድ ይችላል። ለትልልቅ ሰዎች ግን ዝርዝር አይላክም። አክስት ስትደውል «እትዬ፣ የእርስዎ ምርቃት ይበቃናል፤ ካሉ ግን ያቺን የሚለሰልሰውን አሮጌ ነጠላዎን ለመጠቅለያ ቢሰጡን» ይባላል። ደስታዋ ሌላ ነው።

መልእክቱ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ሰላም ቤተሰብ። አላህ ካለ፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ልጅ እየጠበቁ ነው። ምን እናምጣ ብላችሁ ለጠየቃችሁ ዝርዝሩ ይኸው። የምትፈልጉትን ንገሩኝ፣ ስማችሁን እጽፋለሁ። እቃ ካልተመቻችሁ ከሥር የቀን ተራ አለ፣ እሱ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል። ምንም ባትይዙም ኑ።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አትቅር።

ውጭ ያሉት ሻንጣ ይዘው ከመጡ እዚህ ጥራቱ የማይገኘውን ብቻ ስጧቸው፦ ጥሩ ፓምፕ፣ ቴርሞሜትር፣ የዚንክ ቅባት። ዳይፐር በሻንጣ አታስይዙ፣ ቦታ ይበላል፣ እዚህም አለ።

ገበያው

ታይዋን ለዳይፐር፣ ለቬንቲሌተርና ለታሸጉ ነገሮች፤ ቀፊራና አሸዋ ለጨርቅ፣ ለሳፋና ለቤት እቃ። ጠዋት በጊዜ ውጡ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። ሁለት ሦስት ቦታ ሳትጠይቁ አትግዙ። የታሸገ ነገር ሁሉ የሚያበቃበት ቀን ይታይ፤ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የዋለ ቅባት ቀኑ ባያልፍም አይገዛ። የዳይፐር ፓኬት የተቀደደ እንዳይሆን። ሰልባጅ ለሕፃን ልብስ ምንም ነውር የለበትም፣ እንዲያውም ስለታጠበ ለስላሳ ነው። በፈላ ውሃ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በካውያ ይተኮስ። ቁልፍና ሪባን የላላበት ከሆነ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ አፉ ይገባል።

ቦርሳው በ36ኛው ሳምንት በር ላይ

ከዝርዝሩ ውስጥ ለወሊድ የሚሄደውን ነጥላችሁ በአንድ ቦርሳ አድርጉ። የክትትል ካርድና መታወቂያ፣ ለሕፃኑ ሁለት ልብስ፣ ቆብ፣ ሁለት መጠቅለያ፣ ጥቂት ዳይፐር። ለእናት የሌሊት ልብስ፣ ሞዴስ፣ ሶፍት፣ ነጠላ፣ ነጠላ ጫማ፣ ፔርሙዝ። የስልክ ቻርጀር። በመንግሥት ጤና ተቋም ወሊድ ነፃ ነው፤ ያም ሆኖ ከውጭ የሚገዛ ነገር ቢታዘዝ ጥቂት ብር በእጅ ይኑር። ሌሊት የሚመጣ አንድ ባጃጅ ሹፌር ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ስልኩም የሁለታችሁም ስልክ ላይ ይሁን። ድል ጮራ ሆስፒታልም ሆነ ሳቢያን ሆስፒታል የምትወልዱ ከሆነ መንገዱን በምሽት አንዴ ሂዱበት።

ከተወለደ በኋላ

ያዥዋ የመጣውን ከማን እንደሆነ ትጻፍ፣ ለምስጋናም ለብድር መመለሻም ይሆናል። ክርስትና ወይም አቂቃ ሲደርስ ሌላ ስጦታ ይመጣል፤ እዚያ ጋ ዝርዝሩን አድሱት፣ ያኔ የሚያስፈልገው ከስድስት ወር በላይ የሚሆን ልብስ ነው።

ወረቀቱም የዝርዝሩ አካል ነው። ከጤና ተቋሙ የልደት ማሳወቂያውን ሳትይዙ አትውጡ፣ በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ክትባቱ ሲወለድ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ ነው፣ ከዚያ 6ኛ፣ 10ኛ፣ 14ኛ ሳምንት፣ የኩፍኙ 9 ወር ላይ። ቀኖቹን ከሰኞ እስከ እሑድ ባሰመራችሁት ሰሌዳ ሥር ጻፏቸውና ከጎናቸው ከእናትየው ጋር የሚሄድ ሰው ስም አድርጉ።